መኪናው ከፍ ሲል መንገዱ የት ቀረ?

ፒካፕ ከፍ ስለማስደረግ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ሊፍት ኪት ስታስገጥሙ ከፍ የሚለው የመኪናው አካል ነው፦ ወንበሩ፣ ኮፈኑ፣ የጭነት ሳጥኑ፣ እናንተ። ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ተንጠልጥሎ የሚሄደው፣ ድንጋይ የሚመታው፣ ጭቃ ላይ የሚቀመጠው የዲፈረንሻሉ ሆድ ግን እዛው የነበረበት ነው። ባሌስትራው ላይ ቅጠል ብትጨምሩ፣ ቶርኖ ቤት ስፔሰር ብታስወጡ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ኦልድ ማን ኢሙ ብታስገጥሙ፣ ያ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ሚሊ ሜትር አይጨምርም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ጎማም ቢሆን ከጨመረው ቁመት የሚሰጣችሁ ግማሹን ነው፤ ሌላው ግማሽ ከላይ በኩል ይቀራል።

እስቲ እናስላው። ሃይሉክስ ላይ የተለመደው 265/70 በ16 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ285/75 በ16 ብትቀይሩት 834 ይሆናል። ልዩነቱ 57፣ ሆዱ የሚያገኘው 28 ሚሊ ሜትር። ከአውራ ጣት ስፋት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ይጀምራል፤ 80 ሲላችሁ በእውነቱ 86 ላይ ናችሁ። ፍሬኑ ከበፊቱ የከበደ ጎማ ማቆም አለበት። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ፓውዛው ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን የባጃጅ ሹፌር ዓይኑን ያጠፋዋል። ጥቅሙስ? ጥቅም አለው። ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ሳይፈትግ የሚዞርበት ቦታ የሚያገኘው መኪናው ከፍ ሲል ነው፤ ገደላማ መውጫ ላይም ፓራውልቱ አፈር አይዝቅም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ሌላው የቆመበትን ማጥ የሚያልፍ መኪና ይወጣል።

ስለ ጎማ ለመጻፍ ብቻ ግን አይደለም የተነሳሁት። የሚከነክነኝ ጥያቄ ከጎማው ስር ነው ያለው። የጋራ የሆነ መንገድ ሲበላሽ፣ አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ ራሱን ብቻ ከብልሽቱ በላይ ቢያደርግ ጥፋት አለበት? “ገንዘቡ የራሱ፣ መኪናው የራሱ፣ እኛን ምን አገባን?” ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔም የሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ መፍረድ አልወድም። ችግሩ፣ ጥያቄው እኔው ቤት ድረስ መጣ።

የአክስቴ ልጅ ማጂ በኩል ቡና፣ ኮረሪማና ማር ይሰበስባል። አሮጌ ሃይሉክስ አለችው፤ ዲፎርዲ የምንላት። የቡናው ወቅት ከመድረሱ በፊት ከፍ ሊያስደርጋትና አራት ትልልቅ ጎማ ሊያስገባላት ፈልጎ ሚዛን ድረስ መጣ። “ወንድሜ፣ የጎደለኝን ሙላልኝ” አለ። እቁብ እንደወጣልኝ ሰምቷል። መስጠት እችላለሁ። ልስጠው?

ማጂን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሚዛንንና ማጂን አንድ ላይ የያዘው ቤንች ማጂ ዞን ነበር፤ ዛሬ ሚዛን በቤንች ሸኮ፣ ማጂ በምዕራብ ኦሞ ዞን ናቸው፤ ሁለቱም ኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ። ማጂ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ የዲዚዎች አገር ነው፤ ቁልቁል የኦሞ ቆላ አለ። አካባቢው ዝናባም ነው፤ የአገሪቱ ሌላ ክፍል ደርቆ አቧራ ሲያነሳ እኛ ጋ ጭቃው ገና አልጠነከረም። ከአስፋልት ከወጣችሁ በኋላ ማጂ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው አይጠየቅም። የሚጠየቀው “ትናንት ዘንቦ ነበር?” ነው።

መንገዱ ከመኪና በፊትም ወሬ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ማጂ ላይ ቆንስላ ነበራት፤ የቆንስሉ ዕቃ ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎ ጀርባ ነበር። ልጅነቷን ማጂ ያሳለፈችው አሜሪካዊት ካሮላይን ከርትዝም እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ርእሱ የሚናገረው ስለ መንገድ ነው። ማጂ ያደገ ሰው ወደ ኋላ ሲያስብ ከቤቱ ቀድሞ መንገዱ ቢመጣበት አይገርምም።

አሁን ሁለት ፒካፖችን ጎን ለጎን እናቁም። አንዷ ቦሌ አስፋልት ላይ ናት፦ ከፍ ያለች፣ ጎማዋ የሚያበራ፣ ጭቃ አይታ የማታውቅ። ሌላዋ ማጂ መንገድ ላይ ናት፦ በሯ ላይ ጭቃ የደረቀባት፣ ሳጥኗ ውስጥ አካፋ፣ ገመድ፣ ጆንያ ሙሉ ጀንፈልና ስድስት ሰው ያለባት።

በመጀመሪያዋ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ቁጥርም ያግዘናል። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት የመንገድ ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካሉት በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ከአንድ ሜትር ከአስር ብዙም አይርቅም። ከፍ ባለ ኮፈን ፊት ተጠግቶ የቆመ ልጅ ለሹፌሩ የለም ማለት ነው። ኢኮኖሚስቷ ሚሼል ዋይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካኖችን የትልልቅ መኪና ፉክክር ከጦር መሣሪያ ውድድር ጋር አመሳስላ አጥንታው ነበር። ያገኘችው እንዲህ ነው፦ በትልቅ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ለሚያመልጡት ለእያንዳንዱ ገዳይ አደጋ፣ ሌሎች ሰዎች ያሉበት ቢያንስ 4.3 ተጨማሪ ገዳይ አደጋ ይደርሳል። አህያዋ “እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል” አለች ይባላል። ይሄኛው ይብሳል፤ “እኔ ከተረፍኩ ሰርዶ አይብቀል” ነው።

ሁለተኛዋ ግን እንዲህ በቀላሉ አትፈረድም። ምጥ የያዛት ሴት ከማጡ ማዶ ናት እንበል፤ አምቡላንሱ ወዲህ ቆሟል። ያለው አማራጭ ሁለት ነው፦ ወይ ቃሬዛ፣ ወይ ይቺ ከፍ ያለች መኪና። ጓደኛዬ ጤና ጣቢያ ነው የሚሰራው፤ ሌሊት ሲደወልለት መጀመሪያ የሚጠይቀው “ደም አለ?” ብሎ ነው፣ ቀጥሎ “መኪና አለ?”። ይቺን መኪና “ትዕቢት ናት” የሚል ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ወጥቶ አያውቅም። መንገዱ እስኪሰራ ሰው ይሙት ወይ? አይሙት። እዚህ ድረስ የአክስቴ ልጅ ትክክል ነው፣ ገንዘቡንም ልሰጠው ይገባል።

ይሁንና መኪናዋ ካለፈች በኋላ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ መንገዱን እዩት።

እርጥብ አፈር ላይ ጎማ ቦይ ያወጣል። አነስተኛ መኪና ከሆነች ሆዷ መሬት ሲነካ ትቆማለች፤ ቦዩም እዛ ላይ ይቆማል። ከፍ ያለችው አትቆምም፤ የራሷን ቁመት ያህል እየቆፈረች ታልፋለች። መሃል ላይ የሚቀረው ጉብታ ለሷ ምንም አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው አባዱላ ግን ሆዱ እዛ ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል። በማግስቱ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቦዩን ይዞ ይወርዳል፤ ቦዩ ይሰፋል። በሳምንቱ መንገዱ ላይ የሚቀሩት ከፍ ያሉት ብቻ ናቸው። ከዚያ ሌላው ሰው ምን ያደርጋል? እሱም ይበደርና መኪናውን ከፍ ያስደርጋል። የሚሼል ዋይት ውድድር ያለ አስፋልትም እንደሚሰራ ያየሁት እዚህ ነው።

ይሄ የጭቃው ጉዳይ ነው። የገበያው ጉዳይ ይከብዳል።

ከማጡ ማዶ ያለ ገበሬ ቀይ እሸት ቡና ለቀመ እንበል። እሸት ቶሎ መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ አድርቆ ጀንፈል ያደርገዋል። ጀንፈል ይጠብቃል። የልጅ ደብተርና የመድኃኒት ዋጋ ግን አይጠብቁም። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ሦስት አራት ሰብሳቢ ይመጣል፣ ገበሬው ያማርጣል፣ ትንሽ ይኮራል። ዝናብ መንገዱን ሲዘጋው የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታዲያ ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ገበሬው እኮ ሚዛን ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ሰምቷል፤ ሞኝ አይደለም። መስማቱ ግን ቡናውን አያሻግርለትም። ያቺ 28 ሚሊ ሜትር ወደ ብር የምትመነዘረው እዚህ ላይ ነው።

ልብ በሉ፣ ሰብሳቢው አልሰረቀም፣ ሚዛን አላጭበረበረም፣ ማንንም አላስገደደም። የደረሰው ነገር ሌላ ነው። መንገዱ ቢሰራ የሚጎዳ አንድ ሰው ተፈጥሯል። ያ ሰው ደግሞ በአካባቢው ድምፁ ከሚሰማ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ መነሻው ናይጄሪያ ውስጥ ያየው ነገር ነው። ባቡሩ ሥራውን በትክክል አይሰራም፤ ከሰሜን የሚመጣው ኦቾሎኒ እንኳ ያን ሁሉ ርቀት በከባድ መኪና መጫን ጀምሯል። ተፎካካሪ ስለመጣበት ባቡሩ ይሻሻላል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። አልተሻሻለም። የሂርሽማን ማብራሪያ ይሄ ነው፦ በጣም መጮህ የሚችሉት፣ አቤቱታቸው የሚያስፈራው ደንበኞች መኪና ተከራይተው ሄዱ፤ ባቡሩ ላይ የቀሩት ቢጮሁም የማይሰሙት ናቸው። መውጫ ያገኘ ሰው አፉን ይዘጋል።

ወደ ማጂ መንገድ መልሱት። መንገዱ ሲበላሽ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ መምታት የሚችለው ማነው? ነጋዴው ነው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ነው፣ ኃላፊው ነው። ሦስቱም የሚመጡት ከፍ ባለ መኪና ነው። ስለ መንገዱ መበላሸት ሪፖርት የሚጽፈው ሰው ራሱ ሳይቆም አልፎ፣ ማታ ደርሶ፣ “መንገዱ አስቸጋሪ ቢሆንም ተችሏል” ብሎ ይጽፋል። በ2003 ዓ.ም. ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሲጀመር የታሰበው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ደስ የሚል ሐረግ ነው፣ ክረምት ከበጋ። ግን ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው ማንን ነው? እግረኛውንና አባዱላውን ነው ወይስ ባለ 33 ኢንቹን? መንገድ የሚለካው ከሁሉ ዝቅ ያለው ሲያልፍበት መሆኑን የረሳን ቀን፣ ማንም በክፋት ሳይነሳ መንገዱ ለጥቂቶች ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ እንዳለ አውቃለሁ። “መንገድ መስራት የመንግሥት ሥራ ነው። አንድ ቡና ሰብሳቢ ላይ የአገር ሸክም ለምን ትጭናለህ? ጉድጓዱን እሱ አልቆፈረው።” ከፊሉ እውነት ነው። ለመልሱ የሚረዳኝ አማርኛችን ለይቶ ያስቀመጣቸው ሁለት ቃላት ናቸው፦ በደልና ዕዳ። በደል ያጠፋ ሰው የሚሸከመው ነው። ዕዳ ግን ያላጠፋም ሰው ሊኖርበት ይችላል፤ ከተቀበለው ነገር የሚመጣ ነው። ሌላው የቆመበትን ማጥ የሚያልፍ ሰው በደለኛ አይደለም፤ ባለ ዕዳ ነው። ሌላው ያላገኘውን ነገር አግኝቷል፤ የጋራ ከሆነው መሬት ላይም ከሌላው ይልቅ ጥልቅ ምልክት ጥሎ ሄዷል።

ከፍታ ዕዳ አለው የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በደጋው ባህል በቅሎ የተቀመጠ ሰው መንገድ ላይ የሚከበር ሰው ሲያገኝ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ፣ ይወርድ ነበር። በቅሎ መቀመጥ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም ማዕረግ ነበር። ነውሩ አለመውረድ ነበር። ያን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ ማን ለማን እንደሚወርድ የሚወስነው ሥልጣን ነበር፣ ማጂ ደግሞ የዚያን ዘመን ሥልጣን በክፉ ነው የምታስታውሰው፤ በባሪያና በዝሆን ጥርስ ንግድ ሰዋ አልቋል። ሆኖም ከፍ ያለ ሰው መውረጃ ሰዓቱን ያውቅ ነበር። ፒካፑ ይህን ሥርዓት አልወረሰም። ዛሬ መውረድ ያለብን ለጌታ ሳይሆን አካፋ ይዞ ማጥ ውስጥ ለቆመው ሰው ይመስለኛል።

ሌላ ቦታ ይህን በሥርዓት ለመፍታት የሞከሩ አሉ። በካሜሩንና በቻድ የአፈር መንገዶች ላይ “የዝናብ ኬላ” ይዘረጋል። ሲዘንብ ኬላው ይወርዳል፣ መሬቱ እስኪጠነክር ለሰዓታት ከባድ መኪና አያልፍም። ማለፍ የሚችለውም ይቆማል። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው፦ የሚቆመው ስላቃተው ሳይሆን ነገ ሌላው እንዲያልፍ ነው። ከዚያም ያነሰ፣ ኬላ የማይፈልግ ብልሃት አለ። ልምድ ያለው ሹፌር ማጥ አፋፍ ሲደርስ ወርዶ ከአራቱም ጎማ ነፋስ ያስተነፍሳል። ጎማው ይለጠጥና መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ክብደቱ ስለሚከፋፈል ቦዩም ያን ያህል አይጠልቅም። ካለፈ በኋላ ፓምፑን አውጥቶ መሙላት አለበት፤ ግማሽ ሰዓት ይበላል፣ ያደክማል። ለዚህ ነው ብዙዎች የማያደርጉት።

የአክስቴን ልጅ ቡና አቅርቤለት አንድ ነገር ጠየቅኩት። “መንገዱ ነገ አስፋልት ቢሆን ደስ ይልሃል?”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። “እውነቱን ልንገርህ? እናቴ እልል ትላለች። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ደስ አይለኝም።”

መልሱን ወደድኩለት። የዋሸኝ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ወይ ዝም ብዬ እሰጠው ነበር፣ ወይ ዝም ብዬ እከለክለው ነበር። እውነቱን ስለነገረኝ መነጋገር ቻልን። ሦስት ነገር አልኩት። አንደኛ፣ ጎማው ከመገጠሙ በፊት ፍሬኑና መሪው ይታይ፣ ፓውዛው ዝቅ ይደረግ፤ ሳጥኑ ላይ የምትጭነው የሰው ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ታማሚና ወላድ ሲገኝ ጀንፈሉ ይወርዳል፣ ሰው ይጫናል፤ ሂሳብ አይጠየቅም። ማጡ ጋ ስትደርስም ገመድና አካፋ ይዘህ ቀድመህ አልፈህ አትሂድ፤ የቆመውን አውጣ፣ ቦዩን ሙላ። ሦስተኛ፣ መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት ለገበሬው የሚዛንን ዋጋ ትነግረዋለህ፤ ነዳጅህን፣ የመኪናህን ድካምና የተስማማችሁበትን ትርፍ ፊት ለፊት ቀንሰህ ቀሪውን ትከፍለዋለህ። ብቸኛ ገዢ በመሆንህ ብቻ የምታገኛት ብር ያንተ አይደለችም።

ሁለቱን ሳይከራከር ተቀበለ። እንዲያውም ገመድ ይዞ መቆሙን ድሮም እንደሚያደርገው ነገረኝ፤ አምነዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ፊቱ ተለወጠ። “እሱ ከሆነማ ጎማው ዋጋውን በስንት ዓመት ይመልሳል?”

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ቆሞ መሄድ ሲችል ነው። ደብተር አውጥተን አሰላን። በእሱ ሂሳብ ሦስት የቡና ወቅት ይፈጃል፣ በእኔ ሁለት። የተለያየነው እሱ ጎማው በየወቅቱ ይበላል ብሎ ስለያዘ ነው፤ ደጋግሜ ስጠይቀው ጎማውን የሚበላው ምን እንደሆነ ራሱ ነገረኝ፦ “መንገዱ ነዋ!”

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጎማው ማውራት ትተን ስለ መንገዱ ማውራት ጀመርን፦ ያቺን አንዷን ክፉ ማጥ በድንጋይ ለመሙላት ስንት ገልባጭ እንደሚያስፈልግ፣ ከሌሎቹ ሰብሳቢዎች ማን እንደሚያዋጣ፣ ቢሮ ማን ቀርቦ እንደሚናገር። “እኔ እናገራለሁ” አለ፣ ትንሽ ቆይቶ። “ግን ጎማው ከተገጠመ በኋላ።”

ገንዘቡ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ሂሳቡን በወረቀት አድርጎ ሊመጣ ተስማምተናል፤ የጎማውን ለብቻ፣ የድንጋዩን ለብቻ። እስከዚያ ከማጂ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ትናንት ዘንቦ እንደሆነ እጠይቃለሁ።